ሊንኩ አልከፍት ሲል

አክስቴ ደወለች። «ምንድን ነው የላክህልኝ? ፐርሰንትና ቁጥር ብቻ! ቫይረስ እንዳይሆን ብዬ አልነካሁትም» አለችኝ። የላክሁላት ስለ አዲስ አበባ የተጻፈ የአማርኛ ዊኪፒዲያ ገጽ ነበር። ቤተሰብ ውስጥ «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» ከሆናችሁ እንዲህ ያለ ስልክ አይቀርላችሁም። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ እነዚህ ናቸው።

አድራሻው በፐርሰንት ተሞልቶ ረዝሟል

ቫይረስ አይደለም። የድረ ገጽ አድራሻ ደንብ የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ባይት (ኮምፒውተር መረጃ ወደሚያስቀምጥባቸው ትናንሽ ቁጥሮች) ይመነዘራል፤ በእያንዳንዱ ባይት ፊት ደግሞ ፐርሰንት ይገባል። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ «አ» ስትመነዘር %ኢ1%8ኤ%ኤ0 ትሆናለች (የላቲኖቹን ፊደላት በስማቸው ጽፌያቸዋለሁ)። አንዷ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ያዘች ማለት ነው። «አዲስ አበባ» ከመሃል አንደርስኮሯ (_) ጋር 55 ቦታ ትፈጃለች። አክስቴ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

መፍትሄው? ምንም። ንኩት፣ ይከፈታል። መልኩ ካስጠላችሁ ግን አንድ ዘዴ አለ። ብራውዘሩ አድራሻውን የሚመነዝረው ሙሉውን ኮፒ ስታደርጉ ነው። ከፊት ያለውን «ኤችቲቲፒኤስ» ትታችሁ የቀረውን ኮፒ ብታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ አማርኛው እንዳለ ይወጣል። የተተወውን በእጃችሁ ጨምሩበት።

ሊንኩ ይከፈታል፣ ግን «ገጹ አልተገኘም» ይላል

መጀመሪያ የአድራሻውን ጭራ እዩ። ይኼ የእኛው የአማርኛ ጸሐፊዎች ጣጣ ነው። ሊንኩን እንለጥፍና፣ ዓረፍተ ነገር ነውና፣ ሳንለያይ አራት ነጥብ እናስከትላለን። የእንግሊዝኛዋን ነጥብ ብዙ አፖች ከጭራው ላይ ያራግፏታል። የእኛን ግን ሁሉም አያውቋትም፤ የአድራሻው አካል አድርገው ይዘዋት ይሄዳሉ። ጭራው ላይ %ኢ1%8ዲ%ኤ2 ካያችሁ እሷው ናት። አጥፏትና እንደገና ሞክሩ። «ሊንኩን» እንደምንለው «ን» ወይም «ላይ» ሲለጠፍበትም ያው ነው። እኔ አሁን ሊንክን ሁልጊዜ ለብቻው መስመር ላይ ነው የማስቀምጠው።

ከፊትም ይበላሻል። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ አድራሻ ስትጽፉ ከ «ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥሎ በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ፈንታ የአማርኛው «፡» ይገባል። ለዓይን መንታ ናቸው። ብራውዘሩ ግን አድራሻ መሆኑን አያውቅም፤ ጎግል ላይ ሊፈልግላችሁ ይሮጣል። ኪቦርዱን ቀይራችሁ ምልክቷን ብቻ ድገሟት።

አድራሻውን ራሴ ጻፍኩት፣ ገጹ ግን የለም

«ፀሐይ» ብላችሁ ነው ወይስ «ጸሀይ»? ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ) ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። «ዓለም» ደግሞ በአ፣ በዐ፣ በኣም ይጻፋል። የገጹ ባለቤት አንዱን አጻጻፍ ወደ ሌላው ካላመራው፣ ሌላኛውን ፊደል ከመሞከር ውጪ መላ የለም። ከመገመት በፍለጋ ማግኘቱ ይሻላል። እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ተመልከቱ። በዶሜይኑ (በድረ ገጹ ስም) ውስጥ ልዩነት የለውም፤ ከዶሜይኑ በኋላ ባለው ክፍል ግን ብዙ ሰርቨሮች (ገጹን የሚልኩልን ኮምፒውተሮች) ይለዩታል።

አድራሻው ውስጥ %2520 ይታያል

ሁለት ጊዜ ተመንዝሯል። ክፍት ቦታ %20 ይሆናል፤ የፐርሰንት ምልክት ራሱ ደግሞ %25። አንዴ የተመነዘረን አድራሻ ሌላ ፕሮግራም እንደ አዲስ ሲመነዝረው %20 ወደ %2520 ይለወጣል። 25ቷን አውጡ፣ ይሠራል።

«ቡና & ሻይ» ብዬ ብፈልግ ቡና ብቻ ይመጣል

ይኼ ድረ ገጽ ለምትሠሩ ነው። በአድራሻው ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ (?) በኋላ & የመለያያ አጥር ናት፤ «ሻይ» ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። %26 ብላችሁ ላኳት። # ከሆነች ደግሞ ባሰ፤ ከእሷ በኋላ ያለው ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አይደርስም። እሷን %23 በሉ።