አንድ ሰው ጎድሎብን፦ በፓርቲ ድጋፍና በፕራይመሪ ዘመቻ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

አሥራ አንድ ነበርን። የሚያስፈልገው አሥራ ሁለት ነበር።

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል፣ የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሴኔት ዲስትሪክታችን ኮንቬንሽን፣ ማለትም የፓርቲው የወረዳ ጉባኤ ነው። ወደ ስቴት ኮንቬንሽን የሚሄዱ 10 ዴሌጌቶች (ተወካዮች) ይመረጣሉ። አዳራሹ ውስጥ የተቆጠረው ሰው 120 ነው። 120 ለ10 ሲካፈል 12 ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቡድን አንድ ዴሌጌት ለማግኘት ቢያንስ 12 ሰው ሊኖረው ይገባል። የእጩአችንን ስም በማርከር የጻፍንበትን ካርቶን ከፍ አድርገን ቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ቆመናል። አሥራ ሁለተኛዋ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤቴ፣ ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎላቸው ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥተዋል። ሮጬ ደረስኩባቸው። «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ» እያሉ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ስንመለስ ቆጠራው ተዘግቷል። ቡድናችን ፈረሰ፤ ሰዎቻችንም ወደ ሌሎች ቡድኖች ተበተኑ።

እማማን የወቀሱ ነበሩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ቅዳሜያቸውን ሙሉ እንዲሰጡኝ ለምኛቸው፣ በየትኛው ሰዓት ከአዳራሹ መውጣት እንደሌለባቸው አልነገርኳቸውም። ለእኔ ግልጽ የሆነው ነገር ለእሳቸውም ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ዘመቻ ሠርቻለሁ። አንዱን ስህተት በየሁለት ዓመቱ ሳየው አንጀቴ ያርራል። ዘንድሮ 2026 ደግሞ ገዢው፣ ሴናተሩ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ሁሉ የሚመረጥበት ዓመት ነው። ስለዚህ የሚኒሶታውን ጨዋታ የማውቀውን ያህል ልናገር። የማወራው በብዛት ስለ ዲኤፍኤል ነው። ዲኤፍኤል እዚህ የዴሞክራቶቹ ፓርቲ ስም ነው፤ በ1944 ዴሞክራቶቹ ከገበሬና ሠራተኛ ፓርቲው ጋር ሲዋሃዱ የመጣ።

«ምርጫው እኮ ገና ነው»

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። ኦክቶበር ላይ ስልኬ አያርፍም። «ማንን እንምረጥ? ፖስተር አምጪልን፣ እጩውን ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ አምጪልን» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ ኦክቶበር ላይ እኮ ዋናው ነገር አልቋል! በብዙ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ወረዳዎች የዲኤፍኤል እጩ ከሆነ ሰው ኖቬምበር ላይ መሸነፉ ዘበት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ ኦገስት 11 የሚደረገው ፕራይመሪ፣ የፓርቲው እጩ በሕዝብ ድምፅ የሚለይበት ምርጫ ነው። ከፕራይመሪው በፊት ደግሞ ፓርቲው ለማን ድጋፍ እንደሚሰጥ የሚወስኑ ዴሌጌቶች አሉ። እነዚያ ዴሌጌቶች መመረጥ የሚጀምሩት ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት፣ በኮከስ፣ ማለትም በየሰፈሩ በሚደረገው የፓርቲ ስብሰባ ነው። በረዶው ጉልበት በሚደርስበት ወር ማለት ነው።

ኮከስ ምን ይመስላል? አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ጠባብ የተማሪ ወንበር፣ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት። እኔ በነበርኩበት አንድ ዓመት ክፍላችን ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር። ከአሥራ አራቱ አምስቱ ከአንድ አፓርትመንት ተጠራርተው የመጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። የክፍሉ ሲሶ ማለት ነው። ያን ቀን ዴሌጌት ለመሆን የፈለገ ሁሉ ሆነ፤ ቦታው ከሰው ይበልጥ ነበርና። ኖቬምበር ላይ አምስት ድምፅ ከስንት ሺህ ድምፅ መሃል ነው የሚገባው። ፌብሩዋሪ ላይ ግን አምስት ሰው ክፍሉን ይለውጣል። ይህን በአማርኛ የሚነግራቸው ሰው አጥተው ስንት ዓመት ከቤት የቀሩ እናቶች አውቃለሁ።

«ማታ እሠራለሁ» የሚለኝ ብዙ ነው። አውቃለሁ፤ ነርሲንግ ሆም፣ ኤርፖርት፣ መጋዘን። የሚኒሶታ ሕግ ግን ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳወቀ ሠራተኛ ወደ ኮከስ እንዲሄድ ይፈቅዳል። የቀረባችሁበት ሰዓት ደሞዝ ሊቆረጥ ይችላል፤ ቅጣት ግን የለም። ሁለት መስመር ደብዳቤ ነው። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ጻፉት።

«ሃምሳ ሰው አለን»

ሃምሳ ስም ነው ያላችሁ፤ ሰው አይደለም። «እሺ» ማለት በእኛ ባህል ስንት ትርጉም እንዳለው እናውቃለን። ደግ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም። ስለዚህ «ትመጫለሽ?» ብላችሁ አትለፉ። በምን ትመጫለሽ፣ ልጆቹን ማን ይይዛል፣ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ በሏት። ለሦስቱም መልስ የሌላት ሴት አትመጣም። ስለማትፈልግ አይደለም። መኪናውን ባሏ ሥራ ይዞት ስለሄደ ነው።

ኮንቬንሽን ጠዋት ተጀምሮ አንዳንዴ እስከ ማታ ይሄዳል። ወሳኙ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግማሹ ሰው ከደከመው በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ማንም የዘመቻ ማኑዋል የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የዲስትሪክት ኮንቬንሽኖች የሚደረጉት በማርችና በኤፕሪል ነው። ዘንድሮ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቅዳሜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀርበው ደግሞ አይብ የተነጠፈበት ፒዛ ነው። አንድ ዓመት ስምንት ዴሌጌቶቼ ከሰዓት «ትንሽ ቀምሰን እንመለስ» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ጓደኛዬ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በትልልቅ የአልሙኒየም ትሪ ይዛ መጣች። በአንዱ ትሪ ላይ «የጾም» ብላ በማርከር ጽፋበት ነበር። ከሰዎቻችን አንድም የወጣ የለም። ሌሎቹም እየመጡ ጎረሱ፤ ከእነሱ መሃል ሁለቱ በኋላ ወደ እኛ ቡድን ዞሩ። ማርች ላይ ረመዳንም ስለሚያገኛችሁ የሚጾሙትን ዴሌጌቶቻችሁን የማፍጠሪያ ሰዓት እወቁ። በዚያች ሰዓት ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ቴምሩና ውሃው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይኑር።

«ድጋፉን ካገኘን አለቀ»

አላለቀም። በዲኤፍኤል ድጋፍ ለማግኘት ከዴሌጌቶቹ 60 በመቶ ያስፈልጋል። ይህ ከባድ ነው፤ ያገኘ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ግን ታሪኩን እዩ። በ2010 ፓርቲው ለገዢነት የደገፈው ማርጋሬት አንደርሰን ኬሊኸርን ነበር። ማርክ ዴይተን ድጋፉን ሳይጠይቁ በቀጥታ ፕራይመሪ ገቡ፤ በጥቂት ሺህ ድምፅ አሸንፈውም ገዢ ሆኑ። በ2018 ኤሪን መርፊ ሮቸስተር ላይ ድጋፉን አገኙ። ኦገስት ላይ ግን ያሸነፉት ቲም ዋልዝ ናቸው። በዚያው ዓመት በዐቃቤ ሕግ ውድድር በሥልጣን ላይ የነበሩት ሎሪ ስዋንሰን 60 በመቶ አልሞላላቸው ሲል ከፉክክሩ ወጡና ወደ ገዢነት ውድድር ዞሩ። ድጋፉ ለማት ፔሊካን ሆነ። ከዚያ ኪት ኤሊሰን ገቡ፤ ፕራይመሪውንም ቢሮውንም ወሰዱ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ስቴት ኮንቬንሽን ላይ የሚቀመጠው ከሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው። በ2018 የዲኤፍኤል ፕራይመሪ ላይ ድምፅ የሰጠው ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ዴሌጌቱ ለዓመታት ፖለቲካ ሲከታተል የኖረ ሰው ነው። ፕራይመሪ የሚመርጠው ደግሞ ስሙን ከቴሌቪዥን ወይም ከጎረቤት የሰማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቋንቋ ማናገር አይቻልም። ድጋፍ ያገኘ እጩ በማግሥቱ በር ማንኳኳት ካልጀመረ ገና ሥራውን አልጀመረም። ለፕራይመሪው ከቀኑ በፊት ድምፅ መስጠት እኮ ጁን 26 ይጀመራል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒም ስህተት ነው፤ «ድጋፍ ምን ያደርጋል» ማለት። ድጋፍ ሲኖር ፓርቲው ስማችሁን አትሞ በየቤቱ ይልካል፤ በጎ ፈቃደኛውም ወደ እናንተ ይመጣል። ግን ሳታገኙ ብትቀሩም ቤታችሁ አትግቡ። በ2016 ኢልሃን ዑመር ለስቴቱ ምክር ቤት ስትወዳደር የዲስትሪክቷ ኮንቬንሽን ማንንም ሳይደግፍ ነው የተበተነው። ኦገስት ላይ 44 ዓመት ወንበሩን የያዙትን ፊሊስ ካንን አሸነፈች።

አንድ ነገር ልጨምር። «ድጋፉን ካላገኘህ ከውድድር ትወጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያስብ «አዎ» የሚል እጩ አለ። ቃል ነው፤ ሰው ይይዝባችኋል። ቤተሰባችሁን አማክራችሁ፣ ወስናችሁ ግቡ።

የሌላውን ደጋፊ ማስቀየም

60 በመቶ በአንድ ዙር የሚሞላው ጥቂት እጩ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር የሚያድናችሁ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው የደገፈው ነው። በ2018 ርብቃ ኦቶ ከገዢነት ውድድሩ ሲወጡ ድጋፋቸውን ለመርፊ ሰጡ፤ አዳራሹም ወዲያው ዞረ። ጠዋት ፌስቡክ ላይ የሰደባችሁት ሰው ከሰዓት ድምፅ አይሰጣችሁም።

«ኮሙኒቲው ደግፎናል»

ማነው ኮሙኒቲው? አማርኛ ተናጋሪ አለ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ፣ ትግርኛ ተናጋሪ አለ። ሚኒሶታ ውስጥ ኦሮሞ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከእኛ ይበዛሉ። አንድ እጩ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር እንጀራ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ «የኢትዮጵያውያን ድጋፍ» ተብሎ ሲለጠፍ የሌላው ልብ ይሰበራል። የአገር ቤቱን ቁስል ወደ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ እያመጣን ልጆቻችንን አንለያያቸው። የትምህርት ቤት አውቶቡሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሕፃናት መዋያ ፈቃዱ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ደግሞም 501(c)(3) በሚባለው የበጎ አድራጎት ምዝገባ ከግብር ነፃ የሆነ ዕድርና ማኅበር እጩ መደገፍ በሕግ አይችልም። ግለሰብ ይደግፍ። ሊቀመንበሩም በራሳቸው ስም፣ የማኅበሩን ማኅተም ሳይዙ ይደግፉ። እጩ ስትጋብዙ ሁሉንም ጋብዙ። ስለ አገልግሎት ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።

ገንዘብ

ሬስቶራንት ያለው ወንድማችን ከድርጅቱ አካውንት ቼክ ይጽፋል። በደግነት ነው። ግን በሚኒሶታ ኮርፖሬሽን ለእጩ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ከግል አካውንቱ ይስጥ። አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣ አዙሮ ብር መሰብሰብም ተዉ፤ ከ20 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ መታወቅ አለበት። ደስ የሚለው ነገርም አለ፤ የወጪ ገደብ ለፈረመ የስቴት እጩ የሰጣችሁትን ስቴቱ ይመልስላችኋል፤ በዓመት ለአንድ ሰው እስከ 75፣ ለባልና ሚስት እስከ 150 ዶላር። ደረሰኙን አትጣሉት።

ዜግነት

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ከኪሱ መስጠት ይችላል። ፕራይመሪ ላይ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም። በስህተት እንኳ ቢሆን አገር ሊያስለቅቀው ይችላል። የምርጫ ምዝገባ ፎርም ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህን የዘነጋ በጎ ፈቃደኛ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል።

የድምፅ ወረቀቱ

በፕራይመሪው ላይ ከአንድ ፓርቲ ዓምድ ብቻ ምረጡ። ሁለቱንም ከነካካችሁ የፓርቲው ድምፃችሁ ይሰረዛል።

ጠብና ያልተያዘ ወረቀት

በ2014 በሚኒያፖሊሱ ሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ኮከሱ በጠብ ተበተነ። በ2023 የሚኒያፖሊስ 10ኛ ዋርድ (የከተማ ምክር ቤት ወረዳ) ኮንቬንሽን መድረክ ላይ ግብግብ ተነሥቶ ያለ ድጋፍ ተዘጋ። የመጡት ዴሌጌቶች ምንም ሳይወስኑ ተመለሱ። አዳራሹ ሲሞቅ አርፈው የሚቀመጡ፣ ደንቡን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከፊት አስቀምጡ። አስተርጓሚም ይኑር፤ ብዙ ጩኸት የሚነሣው ሰው የተባለውን ሳይሰማ ሲቀር ነው።

በ2025ቱ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ውድድር ዑመር ፋቴህ ጁላይ 19 ድጋፉን አገኘ። ኦገስት 21 ላይ የስቴቱ ፓርቲ ሰረዘው፤ ምክንያቱ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ አሰጣጡ ችግር ነበር። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጠው ዴሌጌት ሁሉ ልፋቱ ከንቱ ቀረ። ስለዚህ የእናንተን ሰዎች እናንተም ቁጠሩ። በየዙሩ ማን እንደነበረ፣ ማን እንደወጣ በደብተር ያዙ። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ከደብተራችሁ ካልገጠመ ቀጣዩ ዙር ሳይጀመር ተነሡና ተናገሩ።

እማማ ዘንድሮም ይመጣሉ። የልጃቸው ልጅ ማክሰኞ ማታ መኪና ይዞ ያደርሳቸዋል። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን የስቴቱ ሴክሬታሪ ድረ ገጽ ላይ አድራሻቸውን አስገብተን የኮከሳቸውን ቦታ አገኘን፤ በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። እሳቸውም «የቆጠራውን ሰዓት ጨምሪበት» አሉኝ። እንዳሉኝ ጨመርኩበት።