የኋላ ኮፈን ውስጥ ውሃ ሲገባ ቀዳዳውን እንዴት እንደምታገኙ

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ከሽሮ ሜዳ አሳፍሬ ቦሌ ኤርፖርት አደረስኳቸው። ዋሽንግተን ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነበር የሚሄዱት። ሻንጣቸውን ከኋላ ኮፈን ሳወርድ የታችኛው ጎኑ በስብሶ ውሃ እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ውስጡ ያለው በርበሬ፣ ሽሮና የገንፎ ዱቄት ነው። «አይዞህ ልጄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። እሳቸው ገቡ፤ እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም። ሞኬቱን ገልጬ ስኮርታ ጎማውን ሳነሳው፣ የተቀመጠበት ጎድጓዳ በውሃ ተሞልቷል፤ ክሪኩም ዝጎ ቀይ ሆኗል።

የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት መኪናዋን ለዚሁ ውሃ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና ጎሚኒውን፣ ማለትም ኮፈኑ ሲዘጋ ውሃ እንዳያስገባ የሚይዘውን የጎማ ጠርዝ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ሞልቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሸኘኝ። ሲዘንብ ውሃው እንደነበረው ገባ። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጠብታው ሲገባ በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም ነገር አታሽጉ። ውሃው የሚተኛበትና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ከጣሪያው ጫፍ የገባ ውሃ በላሜራው ውስጥ ለውስጥ ተንሸራቶ ስኮርታው ጋ ይወርዳል፤ ያንን ያየ ሰው ወለሉ የተበሳ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ኮፈኑን ባዶ አድርጉት። ሞኬቱን፣ የጎኖቹን ሽፋን፣ ስኮርታውን፣ ክሪኩን ሁሉንም አውጡ። የስኮርታው ጎድጓዳ ሥር የጎማ ውታፍ አለ፤ እሱን ነቅላችሁ ውሃውን አፍስሱና መልሳችሁ ግጠሙት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ ባትሪ እያበራችሁ ላሜራውን አጥኑት። ውሃ ዱካ ይተዋል። በአቧራው ላይ የወረደ መስመር፣ ቀጭን የዝገት ክር፣ በአንዱ ጎን ብቻ የቀረ ጭቃ ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። ዱካው ካልታያችሁ የሕፃን ፓውደር ወይም የጠመኔ ዱቄት በጎኖቹና በወለሉ ላይ በስሱ ነስንሱና መኪናዋን ዝናብ ላይ አሳድሯት። ጠዋት ዱቄቱ ውስጥ የተቀደደው መስመር ከየትኛው ጎን እንደመጣ ይነግራችኋል። የእኔዋ ከግራ ነበር።

መቼ እንደሚገባ ማስተዋልም ግማሽ ሥራ ነው። መኪናዋ ቆማ ሲዘንብባት ደረቅ ሆና፣ ጎርፍ ባለበት መንገድ ስትነዷት ብቻ የምትረጥብ ከሆነ ውሃው ከታች በጎማ ተረጭቶ ነው የሚገባው፤ የወለሉን ውታፎችና ከባምፐሩ ጀርባ ያሉትን የአየር መውጫዎች ፈትሹ። እነዚህን መውጫዎች ብዙ ሰው አያውቃቸውም። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ በር ሲዘጋ አየሩ የሚወጣባቸው ናቸው፤ ስስ የጎማ ክዳን አላቸው፤ ክዳኑ ከተጣመመ ወይም ዙሪያው ካረጀ ውሃ ያስገባሉ። ላቫጆ ስትገባ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አትደንግጡ፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ደህናውንም ጎሚኒ ሊያልፍ ይችላል። የኋላ መስታወት መጥረጊያ ላላቸው እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ከፊት ወደ ኋላ የሚመጣበት ቀጭን ቱቦ ከተላቀቀ ዝናብ ሳይኖርም ይረጥባሉ። የምታቆሙበትን ቦታም ልብ በሉ። የእኔ ሰፈር ዳገት ስለሆነ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ስታድርና ሜዳ ላይ ስታድር ውሃው የሚጠራቀምበት ቦታ ይለያይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ ኮፈኑ ውስጥ ሆኖ ባትሪ ያበራል። ታናሽ ወንድሜን ነው ያስገባሁት። የኋላ ወንበሩ ታጥፎ ወደ ውስጥ መውጫ እንዲኖር የግድ ነው፤ የናንተ መኪና ወንበር የማይታጠፍ ከሆነ ሰው አታስገቡ፣ ስልካችሁን መብራቱን አብርታችሁ ቪዲዮ እየቀረጸ አስቀምጡት። ሕፃን ልጅ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳታስገቡ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በውሃ ጎማ አላባከንኩም። የሃይላንድ ክዳን በምስማር በሳስቼ እንደ ዝናብ አንጠባጠብኩት። ቁም ነገሩ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ነው። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም አጥቦ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አታውቁም። አንዱን ቦታ አምስት ደቂቃ ያህል አርጥቡ፤ ከውስጥ ያለው «ደረቅ ነው» ካለ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከባምፐሩ አካባቢ ተነስታችሁ ወደ ኋላ መብራቶቹ፣ ከዚያ የታርጋ መብራቱ፣ የኮፈኑ ጎሚኒ፣ የኋላ መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ በመጨረሻ የጣሪያው ጎንና አንቴናው።

የግራውን የኋላ መብራት ሳረጥብ ወንድሜ ከውስጥ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። ጠብታው የመብራቱን ቦሎን ተከትሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዳዶዎቹን በ10 ቁልፍ ፈትቼ መብራቱን ሳወጣው፣ በመብራቱና በላሜራው መካከል ያለው ስፖንጅ ድርቆሽ ሆኗል፤ ስነካው ተፈረፈረ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ስፖንጁን ብቻ ብፈልግ ያገኘሁት ከነመብራቱ ስለነበር፣ ቡቲል የሚባለውን ጥቁር እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማሸጊያ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለቱንም ፊት አጽድቼ፣ በደንብ አድርቄ፣ ዙሪያውን ሳላቋርጥ አዞርኩት። በየቦሎኑ ሥርም ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ። ዳዶዎቹን እየተፈራረቃችሁ በልኩ ጥበቁ፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ብዬ ብገጥመው ኖሮ አሁንም የሰው ዕቃ ይረጥብብኝ ነበር። ፈተናውን ከመጀመሪያው ስንደግመው መብራቱ ደረቅ ሆነ፤ ጣሪያው ጋ ስንደርስ ግን ሌላ ቀጭን ጠብታ መጣ። የጣሪያውን ጠርዝ የሚሸፍነውን ረጅሙን ጎማ ቀስ ብዬ ሳነሳ፣ ሁለቱ ላሜራዎች በሚገናኙበት ቦታ ከፋብሪካ የተቀባው ማሸጊያ ተሰነጣጥቋል። የተላቀቀውን ፍቄ፣ ለመኪና ላሜራ የሚሆን ፖሊዩሬቴን የሚባል ማሸጊያ ቀባሁበት። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ሲሊኮን እባካችሁ ላሜራ ላይ አታድርጉ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ቀለም የለቀቀውን ብረት ያዝገዋል። የመጀመሪያውን ባለሙያ ሲሊኮን ልጬ ለማንሳት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የናንተ ቀዳዳ ጎሚኒው ከሆነ ደግሞ ለመቀየር አትቸኩሉ። የጋዜጣ ቁራጭ ጎሚኒው ላይ አድርጋችሁ ኮፈኑን ዝጉና ሳቡት። ጥብቅ ብሎ ከያዘው ደህና ነው፤ ያለምንም ትግል ሹልክ ካለ እዚያ ጋ አይነካም ማለት ነው። ዙሪያውን ሁሉ በዚህ ፈትሹ። አዲስ የሚመስል ጎሚኒ ወረቀቱን ካልያዘ የኮፈኑ መቆለፊያ ወይም ማጠፊያ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፣ ማስተካከል ይበቃዋል። መኪናዋ ከኋላ ተገጭታ የምታውቅ ከሆነና የኮፈኑ ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ግን የባቲላሜራ ሥራ ነው፣ በራሳችሁ አትድከሙ።

ሞኬቱን ቶሎ አትመልሱት። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ እንደረጠበ ከተመለሰ ይሻግታል፣ ሽታው ተሳፋሪ ወንበር ድረስ ይመጣል። እኔ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ከኋላ ወንበሩ ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ሶኬቶችም እርጥበት ካላቸው አድርቋቸው።

ዕቃውን ስመልስ ስኮርታው ሥር አንድ ገጽ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ጋዜጣ አንዴ ከረጠበ ቢደርቅ እንኳ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ሳላይ ያለፈ ውሃ አይደበቅብኝም። ነሐሴ ሙሉ እሑድ እሑድ እያነሳሁ አየሁት። መስከረም ሲጠባም ወረቀቱ እንዳነጠፍኩት ቀጥ ብሎ ነበር።