ድመት ቤት ትዋል ወይስ ትውጣ? ለግቢና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ድመት ለሚያሳድግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት የሌሊቱ ነገር ነው፤ ድመት ማታ ከቤት አትወጣም። ሲመሽ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ መንገዱን ይይዛሉ፤ በእንጦጦ ግርጌና በከተማዋ ዳርቻ ጅብ ይወርዳል፤ ወንድ ድመቶች በብዛት የሚጣሉት በጨለማ ነው፤ ሹፌርም አስፋልት የምታቋርጥ ድመት የምትታየው ከደረሰባት በኋላ ነው። የሚያነጋግረው ቀኑ ነው።

የቀኑ ውሳኔ እንደ ቤቱ ይለያያል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቤት ትዋል። ደረጃ ላይ የተለቀቀች ድመት ምግብ የምትፈልገው ከቆሻሻ ገንዳ ነው፤ ከጎረቤትም ታጣላለች። አጥር ያለው ግቢ ካለዎት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከወሰደች፣ ከመከነች፣ ፀሐይ ሳለ ከሆነና አጥሩን መሻገር ካልቻለች ትውጣ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በሩን ይዝጉ። ከ6 ወር በታች ያለች ግልገል፣ እርጉዝና መስማት የማትችል ድመት በምንም ሁኔታ አይለቀቁም። ነጭ ሆና ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ የሆኑ ድመት ብዙ ጊዜ ጆሮዋ አይሰማም፤ ከጀርባዋ ሆነው በማጨብጨብ ይፈትሹ።

"ድመት የያዝነው ለአይጥ ነው፤ ከተዘጋባት ምን ትሠራለች?" የሚል ካለ፣ አይጡ ያለው ከጤፍ ጆንያው ሥር፣ ከምድጃው ጀርባና ከኮርኒሱ ላይ ነው፤ እዚያው የምትውል ድመት ሥራዋን ትሠራለች። አይጥ እንድትይዝ ማስራብ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ድመት ጠግባም ታድናለች። የራባት ድመት ግን ጎረቤት ትሄዳለች፣ ያገኘችውንም ትበላለች።

መርዝ፦ ትልቁ ስጋት

በራስዎ ቤት የአይጥ መርዝ አለማድረግ ይችላሉ፤ የጎረቤትን ግን አያዙበትም። ድመትን ከግቢ አለማስወጣት የሚሻልበት ዋናው ምክንያት፣ በእኛ እምነት፣ ይኸው ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው መርዝ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን ድመቷ ከበላችው በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና ትመስላለች፤ ከዚያ ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከሰገራዋ ጋር ደም ይታያል። ቶሎ ከተደረሰላት ሐኪም ለሳምንታት በሚሰጣት ቫይታሚን ኬ1 ትድናለች። ሁለተኛው ዚንክ ፎስፋይድ ወይም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ይህ ጨጓራ ውስጥ ካለ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ካስመለሳት ጋዙ ሰውንም ይጎዳልና መስኮት ይክፈቱ፣ ትውከቱን ቀርበው አያሽትቱ።

መርዝ በላች ብለው ሲጠረጥሩ ወተት ወይም ዘይት በግድ አይጋቷት። ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ በፎስፋይድ ጊዜ ደግሞ ማብላትም ሆነ ወተት ማጠጣት አሲዱን ቀስቅሶ ጋዙን ያበዛዋል። የመርዙን ማሸጊያ ይዘው በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።

ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ከመርዝ አይለይም፤ ፐርሜትሪን የተባለ ኬሚካል ያለበት ድመትን ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላልም። ፓራሲታሞል አንዷ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ድመት ለመግደል ትበቃለች። ወለል በዴቶል ማጽዳትም ይቅር፤ ድመት መዳፏን ስትልስ ትወስደዋለች።

የእብድ ውሻ በሽታ

ስሙ ውሻ ይበል እንጂ ድመትም ይይዘዋል፣ ለሰውም ታስተላልፋለች። የመጀመሪያው ክትባት በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ክትባቱ ዓይነት ስለሚለያይ የክትባት ካርዷን አይጣሉ። ቤት ብቻ የምትውልም ትከተብ፤ በር አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ማደሩ አይቀርም።

ድመት ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ድመቷን አይግደሏት፤ ለ10 ቀን ተዘግታ ትጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ድምፅዋ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ሰው ላይ ከዘለለች፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም የኋላ እግሯ ከሰነፈ አይንኳት፤ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪምም፣ የተነከሰውን ሰው ለሚያክመውም ሐኪም ያሳውቁ።

ከውጭ ወደ ቤት ማስገባት

ቀላሉ መጀመሪያ የማምከኛው ቀን ነው። ሴት ድመት በ4 ወሯ ወንድ ልትሻ ትችላለች፣ የምታረግዘው 63 እስከ 65 ቀን ነው፣ ግልገሎቿን እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ትምከን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ከ10 እስከ 14 ቀን ቤት መዋሏ ግድ ነውና እግረ መንገዷን ትለምዳለች። ወንዱም ሲመክን መንከራተቱ፣ ጠቡና ግድግዳ ላይ መሽናቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሆርሞኑ ርዝራዥ እስኪጠፋ ግን ጥቂት ሳምንታት ይታገሡት።

መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ይስጧት፤ ሰፊ ቤት በአንዴ የተለቀቀላት ድመት ሶፋ ሥር ትደበቃለች። ምግቧን በቀን ሁለት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይስጡ፣ የማታው ሳይመሽ ይሁን። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጥሪ ወይም ሳህን በመምታት ይጥሯት፤ ይህ ልማድ አንድ ቀን ብታመልጥ ይጠቅማል። በር ላይ ቆማ ስትጮህ አይክፈቱ፣ አይቆጡም፣ ምግብም አይስጡ። አምስት ቀን ችለው በስድስተኛው ከከፈቱላት የተማረችው ረዘም አድርጎ መጮህን ነው። ለውጡ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ውጭ ያደገች አዋቂ ድመት ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች።

ሰዎች የሚሸነፉት በብዛት በመጸዳጃው ነው። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል፤ ለግልገል ጠርዙ አጠር ያለ ይሁን። የግንባታ አሸዋ በወንፊት ነፍተው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሙሉ። ሰጋቱራም ይሆናል፤ ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ከነካው እንጨት የወጣ ግን አይሁን። ግቢ ለለመደች ድመት ትጸዳዳበት ከነበረው ቦታ ሁለት እፍኝ አፈር ይቀላቅሉ፤ ከአፈሩ ሽታ መጸዳጃዋ መሆኑ ይገባታል። ሳፋው ከምግቧ የራቀ፣ ሰው የማይመላለስበት ጥግ ይሁን። ቁጥሩ ከድመቶቹ አንድ ይብለጥ።

ሰገራው በየቀኑ ይነሣል፣ አሸዋው በየሳምንቱ ይለወጣል፣ ሳፋውም በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ሽንቱ ሳይለቅ በረኪና አይጨምሩበት፤ ከሽንቱ ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚቆጣ ጋዝ ያወጣል። በየቀኑ የምንለው ለሽታ ብቻ ብለን አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የተባለው፣ በድመት ሰገራ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላል ሰው ላይ በሽታ ለማምጣት ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ቀድሞ የተነሣ ሰገራ አያስተላልፍም። እርጉዝ ሴት ካለች ሥራውን ሌላ ሰው ይያዝላት። ድመቷን ማባረር ግን አያስፈልግም፤ ቤት የምትውል፣ የበሰለ ብቻ የምትበላና አይጥ የማትበላ ድመት በዚህ በሽታ የመያዟ ዕድል አነስተኛ ነው። ቁርጥ ሲበላ ጥሬ ሥጋ አይጣልላት። ለእርጉዟም ቢሆን ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ከድመቷ ይልቅ ያሳስባሉ።

የሚሠራ ነገር የሌላት ድመት ሶፋ ትቧጥጣለች። ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ እንጨት በቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርገው ጠምጥመው ሰፊ መቆሚያ ላይ ይምቱት፤ ከተወዛወዘ አትነካውም። ሶፋው አጠገብ ያቁሙት፣ ጓዳ አይደብቁት። ከፍ ያለ መደርደሪያ መስኮት አጠገብ ቢኖራት ውጭውን እያየች ትውላለች። ከምግብ በፊት በገመድ ጫፍ በታሰረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያሯሩጧት፤ ሌሊት ከመሯሯጧ ያሳርፍዎታል።

ምግብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በጾም ወራት ቤቱ ሽሮ ስለሚበላ ድመቷም ሽሮ እንጀራ ላይ ትቀራለች። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይደክማል። ልብ ወይም ዓሣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ቀቅለው ከነመረቁ ይስጧት፤ ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣልና አይድፉት። ወጥ አይሰጣትም፤ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሕዋሷን ይሰብራል።

በረንዳና አጥር

ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ድመት የምትወድቀው ርግብ ስታይ ነው። የትንኝ ወንፊት አይበቃም፤ ጥፍሯ ይቀደዋል። ቀዳዳው ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የዶሮ ቤት ሽቦ ከበረንዳው ብረት እስከ ጣሪያው ድረስ ወጥረው በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይሰሩት፤ ሲጨርሱ በእጅዎ በኃይል ገፍተው ይፈትሹት።

ለግቢ አጥሩ 2 ሜትር ቢሆን እንኳ ትዘለዋለች። ከአጥሩ አናት ወደ ውስጥ ያዘነበለ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሽቦ ልል አድርገው ይትከሉ፤ ስትረግጠው ስለሚወዛወዝ ትመለሳለች። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በሽቦ ላይ ሰክተው አናቱ ላይ ቢዘረጉትም ስለሚሽከረከር መያዣ አታገኝም። አጥር ላይ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ ሌባ ያስፈራ እንደሆነ እንጂ ድመትን አያስቆምም፤ መዳፏን ይቆርጣታል። ለአጥሩ ከ2 ሜትር በቅርብ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ የበሩ ሥር ክፍተትም ይደፈን። መኪና ግቢ የሚያድር ከሆነ ጠዋት ከማስነሣት በፊት ኮፈኑን ይምቱ፤ ሞተሩ ሞቃት ስለሆነ ግልገሎች ይተኙበታል።

ቤት የሚውል ወንድ ድመት ሳፋው ውስጥ ደጋግሞ እየተቀመጠ፣ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ነው። በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላልና ሳያድሩ ሐኪም ያድርሱት።

ድመቷ ካመለጠች ሩቅ አይፈልጓት። ቤት የለመደች ድመት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቤቶች አታልፍም፤ ደረጃ ሥር፣ ሰርቪስ ቤት ጀርባ፣ ጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ ትቀመጣለች። መንገዱ ጸጥ ሲል በባትሪ ይፈልጉ፣ ብርሃኑ ዓይኗ ላይ ያንጸባርቃል። በለመደችው ጥሪ እየጠሩ፣ የሚሸት ዓሣ ይዘው ይሂዱ፤ ብታዩዋትም አይሩጡባት፣ ዝቅ ብለው ይጠብቋት። ከተመለሰች በኋላ ከጸጉሯ ሥር የንክሻ ቀዳዳ ይፈልጉ፤ ካገኙ፣ የተከተበች ብትሆንም እንኳ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ እንዲደገም በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ።