የአምፕ ቲዩብ ልትቀይሩ ነው?

በቲዩብ (ድምፅ በሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ የጊታር አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ያላችሁ፣ ድምፁ አልጥም ሲላችሁ ሁሉንም ቲዩብ በአንዴ አትቀይሩ። ብር ማባከን ነው፣ ደግሞም የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቁም። መጀመሪያ የጊታሩ ገመድ ከሚሰካበት አጠገብ ያለችውን ትንሿን ብቻ ቀይሩ፤ የድምፁን ጠባይ በብዛት የምትለውጠው እሷ ናት።

አብዛኛውን ጊዜ 12ኤኤክስ7 ናት፣ የማጉላት አቅሟ 100 አካባቢ። ድምፁ ቶሎ እየሻከረ ካስቸገራችሁ በቦታዋ 5751 (70 ገደማ) ወይም 12ኤዋይ7 (45 ገደማ) ሞክሩ፤ የእግሮቻቸው አሰካክ አንድ ስለሆነ ብየዳ ምናምን አያስፈልግም፣ ካልወደዳችሁት የድሮዋን መመለስ ነው። እኔ 5751 ነው የተመቸኝ፣ ሮክ የሚጫወት ጓደኛዬ ግን «ነፍስ የለውም» ብሎኛል።

ትልልቆቹ የኃይል ቲዩቦች፣ እነ ኢኤል84 እና 6ኤል6፣ ሌላ ጉዳይ ናቸው። አምፑ የሚጠይቀውን ዓይነት ብቻ፣ ያውም ተለክተው የተጣመሩትን ግዙ። ብዙ አምፖች ላይ ከቅያሪው በኋላ ባያሱ (ቲዩቦቹ ጊታሩ ሳይጫወት የሚስቡት የኤሌክትሪክ መጠን) መስተካከል አለበት፣ ይህን ለባለሙያ ተዉት፤ አምፑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።