የትራስሚሽን ጎማ ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አሮጌ ላንድሮቨር ዲስከቨሪ ሥር ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጎማ ያውቀዋል። የኋላ ትራስሚሽኑ (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ከዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ እግር ከሚያካፍለው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው ወፍራም ክብ ጎማ ነው። ሦስት ብሎን ከትራስሚሽኑ ጋር፣ ሦስት ብሎን ከዲፈረንሻሉ ጋር፣ አንድ እያለፉ ይታሰራሉ። ወደ ኋላ እግር (መንኮራኩር) የሚሄደው ጉልበት በሙሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ሥራው ከባድ አይደለም። ግን በማይሆን አሠራር ተቀይሮ የሚመጣ መኪና ስለበዛብኝ ልጽፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሕይወታችሁ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን እግሮቹን በቀጥታ አይይዝም። የሚይዘው ከሪዶታው (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) ወደ ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ስለዚህ ትራስሚሽኑ ከተፈታ፣ ወይም አንዱ የኋላ እግር በክሪክ ከተነሣ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ብትስቡትም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የመጨረሻውን ዳዶ (ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ማጥበቂያ) ሲያወጣ መኪናው ስንዝር ያህል ተንሸራተተ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ልጁ ትራስሚሽኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበር። መኪናውን ያቆመው ከፊት እግሩ ሥር ያስገባነው ታኮ (እግሩ እንዳይንከባለል የሚያግድ ድጋፍ) ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ታኮውን በዓይኔ ሳላይ ማንንም ከሥር አላስገባም። ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ክሪክ ብቻ አምናችሁ አትግቡ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሰው ይመጣና «ይህ ሦስተኛ ጎማዬ ነው፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ» ይላል። ዕቃውን ከመርገም በፊት የመጀመሪያው ጎማ በምን እንደሞተ የጠየቀ የለም! ከዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ብሎኖቹ የሚታሰሩበት ጠፍጣፋ ብረት) መሃል አንድ ፒን ብቅ ብሎ ትራስሚሽኑ ጫፍ ላይ ያለው ቦኮላ (ፒኑን የሚያቅፍ ቀለበት) ውስጥ ይገባል። ትራስሚሽኑን መሃል ላይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቦኮላው ሲበላ ትራስሚሽኑ ከመሃል ይወጣል፣ በዞረ ቁጥርም ጎማውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ታዲያ አዲስ ጎማ እዚያ ላይ ብትገጥሙ ምን ተስፋ አለው? ፒኑን ቦኮላው ውስጥ አስገብታችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ከተንቀጫቀጨ ቦኮላውም ይቀየር። ፒኑ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ቦኮላ ብቻ መቀየር አይበቃም።

ቦኮላው ደህና ከሆነ አሮጌውን ጎማ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ያበጠ፣ የለሰለሰና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱ የሚመጣው ከዲፈረንሻሉ ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት) ነው፤ ሲሉ ሳይቀየር አዲስ ጎማ አትግጠሙ። ሲሉን ለመቀየር የሚፈታው የፍላንጁ ማሰሪያ ግን ቀልድ አይወድም። የኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) ጥብቀት ከእሱ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ሞላ ቀይራችሁ መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህ ጎማ የሚችለው ትንሽ መታጠፍ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከበዛ በየጊዜው ይቀደዳል፤ በሁለቱም በኩል ክሮቼራ (እየታጠፈ የሚዞር የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት መገጣጠሚያ) ወዳለው ትራስሚሽን መቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ ያለውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ዳዶውን ይዤ የብሎኑን ራስ አዞርኩ፣ ምክንያቱም ለእጅ የሚመቸው እሱ ነበር። ጎማው ቀዳዳ ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ከብሎኑ ጋር ዞረ፣ ጎማውም እንደተጠመዘዘ ታሰረ። ብዙ ሳይቆይ ቱቦው ዙሪያ ተሰነጠቀ። የደንበኛውን ገንዘብ መለስኩ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። የብሎኑን ራስ ይዛችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ። መጨረሻ ላይ የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። በአየር የሚሠራውን መሣሪያ ለዚህ አትጠቀሙበት።

አንዳንዱ አዲስ ጎማ ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ታስሮ ይመጣል። ጀማሪዎች መጠቅለያ መስሏቸው ቀድመው ይቆርጡታል፣ ከዚያ ቀዳዳው አልገጥም ሲል ብሎኑን በመዶሻ ይመታሉ። ቀበቶው ጎማውን ጨምቆ ቀዳዳዎቹን ከብሎኖቹ ጋር የሚያስተካክል ነው። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ይቆረጥ፤ ረስታችሁትም አትሂዱ። ቀበቶ ከሌለው ትልቅ ፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ) ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለማስገባት ዘይት አትቀቡት፣ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል።

ከመፍታታችሁ በፊት ፍላንጆቹ ላይ ምልክት አድርጉ። ዳዶዎቹ በአዲስ ይቀየሩ። ትራስሚሽኑን በአንድ ጫፍ አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። ወርዶ ሳለ የወዲያኛውን ጫፍ ክሮቼራም በእጅ ፈትሹት።

ጎማው መንገድ ላይ ከተቀደደ መንዳቱን አትቀጥሉ። ለቆ የሚዞር ትራስሚሽን ከላዩ ያለውን ሁሉ ይደበድባል። አንድ ሰው ይህንኑ ፈርቶ ትራስሚሽኑን ፈታና ማርሽ አስገባ፤ መኪናው ንቅንቅ አልል አለ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቃጠለ መስሎት በጣም ደንግጦ ደወለልኝ። ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ሪዶታው ውስጥ ያለው፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃሉ ዲፈረንሻል ስላልተቆለፈ ጉልበቱ ሁሉ ባዶውን በሚዞረው በኋላው በኩል እየወጣ ነው። «ቆልፈው» አልኩት፣ ቆለፈው፣ በፊት እግሩ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ገባ። መቆለፊያ የሌለው ዲስከቨሪም ስላለ፣ የእናንተ እንዳለው ከመውጣታችሁ በፊት እወቁ። ጎማው ተቀይሮ ትራስሚሽኑ ሲመለስ ደግሞ ቁልፉን ፍቱት፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ አይነዳም።