የፖለቲካ ዜናን ከሰነዱ ጀምሮ ለማንበብ
ስለ አዲስ አዋጅ የተጻፈ ሐተታ ከማንበብዎ በፊት አዋጁን ራሱን ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ፈልገው ያንብቡ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም፣ ልዩነት ቢያጋጥምዎ የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። ዜናው ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሆነ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 ያውጡ፦ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ እያለ የታወጀ እንደሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቀው ይገባል፤ የሚቆየውም እስከ 6 ወር ሆኖ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። እነዚህን ነጥቦች ሳይነካ የሚያልፍ ሐተታ፣ የጸሐፊው ብዕር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጊዜዎን ባይወስድ ይሻላል። ከዚያ የመንግሥትን አቋም ከአዲስ ዘመን፣ የግሉን ፕሬስ ዘገባ ከሪፖርተር ያስተያዩ፤ ርዕሰ አንቀጹን ግን፣ አስተያየት ነውና፣ ከዜናው በኋላ ያንብቡት።