ኮምፒውተሩ አልጠፋ ሲላችሁ፦ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚቆም እዩ

ማታ ሥራ ጨርሳችሁ «ሻት ዳውን» ትጫናላችሁ። ነጫጮቹ ነጥቦች ክብ ሠርተው መዞር ይጀምራሉ። ፊታችሁን ታጥባችሁ ስትመለሱም እየዞሩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ትዕግሥቱ ያልቅና ሶኬቱን ይነቅላል። እባካችሁ አትንቀሉ። በዚያ ሰዓት ዲስኩ ላይ ፋይል እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ይበላሻል፤ ሲብስም ዊንዶውሱ ራሱ ጠዋት አልነሳም ይላል። መብራት ሲሄድ የሚጠፋብን ይበቃናል። ጨርሶ ከደረቀና የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካቆመ ግን የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት።

የምነግራችሁ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

በቅድሚያ ለኩ። የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ማታ ስንት እንደሚፈጅ ጻፉ። ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የዲስክ ዓይነት) ያለው ጤነኛ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው አንድ ደቂቃ ቢወስድ አያስደነግጥም። ስክሪኑ ላይ አፕዴት እየጫነ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ካለ ደግሞ ችግር የለም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩና ተዉት።

ከዚያ የት ላይ እንደሚቆም እዩ። ጥፋተኛውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የፕሮግራም ስም ዘርዝሮ ከቆመ

ይሄ ቀላሉ ነው። አንድ ያልተዘጋ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴቭ ያልተደረገ የወርድ ጽሑፍ ነው። «ካንስል» በሉ፣ ተመለሱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ።

ክቡ እየዞረ ከቆየ

ከጀርባ የሚሠራ ሰርቪስ ወይም የተሰካ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከኪቦርድና ማውስ በስተቀር ሁሉንም ንቀሉ፦ ፍላሽ፣ ውጫዊ ዲስክ፣ ፕሪንተር። ፍላሹንና ዲስኩን በ«ኢጀክት» አስወጡ። አሁን አጥፉት። ከፈጠነ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ሞክሩ።

የአንድ ጎረቤቴ ኮምፒውተር ለመጥፋት አራት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት ሊደረግ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ አቧራ የጠጣ የፕሪንተር ገመድ አገኘሁና ነቀልኩት፤ በ20 ሰከንድ ጠፋ። መልሼ ስሰካው እንደገና አራት ደቂቃ። የፕሪንተሩን ፕሮግራም አጥፍተን፣ አዲሱን ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርደን ጫንን። ፎርማት የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ የልጆቿ ፎቶም ተረፈ።

ዕቃው ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርትአፕ» የሚለው ውስጥ የማትፈልጉትን «ዲሴብል» በሉ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱን አስወግዱ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ዊንዶውስ ሲጠፋ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ እንዲዘጋ በተለምዶ 5 ሰከንድ ይሰጠዋል። ይሄን በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) አሳጥሩት የሚሉ ምክሮች በብዛት ታገኛላችሁ። እኔ አልመክርም፤ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆረጣል፣ የዘገየበት ምክንያት ግን እዚያው ይቀራል። ሬጂስትሪ ውስጥ ማየት የሚገባው ሌላ ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ሥር ያለው «ክሊር ፔጅ ፋይል አት ሻትዳውን» 0 መሆን አለበት። አንድ ሰው ለደኅንነት ብሎ 1 አድርጎት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ፔጅ ፋይሉን፣ ማለትም ራም ሲጠብበት ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል፣ በዜሮ ይደመስሳል። በሃርድ ዲስክ ይሄ ደቂቃዎች ይበላል።

ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኑ ከቀጠለ

«ፋስት ስታርትአፕ»ን ጠርጥሩ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ስትሉ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከፊሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይተኛል። «ሪስታርት» ግን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ ሪስታርቱ ቀልጠፍ ብሎ ሻት ዳውኑ ብቻ ከተጓተተ ፍንጭ አገኛችሁ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበት ገጽ ግቡ። የተቆለፉትን ምርጫዎች ክፈቱ፣ የ«ፋስት ስታርትአፕ»ን ምልክት አንሱና ሴቭ በሉ። ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል።

አሁንም ካልተገኘ

«ኢቨንት ቪውወር»ን፣ ማለትም ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን መዝገብ ማያ፣ ክፈቱ። በማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ «ዳያግኖስቲክስ ፐርፎርማንስ» በኩል ገብታችሁ ቁጥር 200ን ፈልጉ። የመጥፊያው ጊዜ በሚሊሰከንድ ተጽፏል፤ 60,000 ማለት አንድ ደቂቃ ነው። ከ201 እስከ 203 ያሉት ደግሞ ያዘገየውን ፕሮግራም፣ ዕቃ ወይም ሰርቪስ በስሙ ይጠሩታል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለውና ፋይል መገልበጥም ካቃተው ግን ይሄን ሁሉ ተዉት። ፎቶውንና ሰነዱን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።